ጠዋት የምትሰራ፣ ከሰዓት የምትጠፋ ሮቦት

ጥያቄ፦ አዳማ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህርት ነኝ። ዘንድሮ የሮቦቲክስ ቡድን አቋቁመን አዲስ አበባ ለሚደረግ የወጣቶች ውድድር ተመዝግበናል። ለሁላችንም የመጀመሪያችን ነው። አስራ አንድ ልጆች፣ አንድ ላፕቶፕና በአርዱዊኖ (ፕሮግራም በሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) የተሰራች አንድ ሮቦት አለን። ሮቦቷ በ2 ደቂቃ ውስጥ ጥቁር መስመር ተከትላ ትናንሽ ሳጥኖችን ቦታ ቦታቸው ማድረስ አለባት። ጠዋት በደንብ ትሰራለች፤ ከሰዓት በኋላ መስመሩን ትስታለች። ልጆቹ በየሳምንቱ አዲስ ነገር ይጨምሩባታል፤ አሁን ደግሞ ዕቃ የሚያነሳ ክንድ ካልገጠምን ብለዋል። ሁለት ልጆች ላፕቶፑን ለማንም አይለቁም። ወላጆች ዋንጫ ይጠብቃሉ። የቀረን ሁለት ወር ተኩል ነው። ከየት ልጀምር?

ምላሽ፦ ከክንዱ ልጀምር። አይግጠሙት፤ ቢያንስ አሁን። ከሰዓት መስመር የምትስት ሮቦት ላይ ክንድ ቢጨመርባት፣ ከሰዓት መስመር የምትስት ባለ ክንድ ሮቦት ነው የምትሆነው።

እኔ በሙያዬ የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲስ ነኝ፤ የወጣቶች ውድድር ላይም በዳኝነት እቀመጣለሁ። ከዳኛ ወንበር ሲታይ የአዳዲስ ቡድኖች ችግር ይመሳሰላል። ሮቦታቸው ብዙ ነገር ትሰራለች፤ ግን እያንዳንዱን አልፎ አልፎ። ነጥብ የሚሰበስቡት ደግሞ ጥቂት ነገር ሁልጊዜ የምትሰራ ሮቦት ይዘው የመጡት ናቸው። የመጀመሪያ ዓመታችሁን ጉልበት እዚህ ላይ አውሉት፤ ዛሬ ያደረገችውን ነገም እንድትደግመው።

አሁን ወደ ጠዋትና ከሰዓቱ እንምጣ። ምንም ምትሃት የለበትም። ሁለት ተጠርጣሪዎች አሉ፤ ብርሃንና ባትሪ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሁለቱም ነው።

መስመር የሚያየው ሴንሰር ወደ ታች ኢንፍራሬድ የሚባል፣ ለዓይን የማይታይ ብርሃን ይልካል። ነጩ ምንጣፍ አብዛኛውን ይመልሰዋል፣ ጥቁሩ መስመር ይውጠዋል። ሴንሰሩ የተመለሰውን ይለካል። ችግሩ ፀሐይም ኢንፍራሬድ ትረጫለች፤ ያውም በገፍ። የአዳማ የ9 ሰዓት ፀሐይ በምዕራብ በኩል ባለው መስኮት ገብታ ምንጣፉ ላይ ስታርፍ፣ ሴንሰሩ የራሱን ብርሃን ከፀሐይዋ መለየት አይችልም። ጥቁሩም ነጭ ይመስለዋል።

በቁጥር ላሳይዎ። አርዱዊኖ የአናሎግ ንባብ፣ ማለትም «አዎ» ወይም «አይደለም» ብቻ ሳይሆን መጠኑን፣ ሲወስድ ከ0 እስከ 1023 ያለ ቁጥር ይሰጣል። ገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት የመስመር ሴንሰሮች ነጭ ላይ ዝቅ ያለ፣ ጥቁር ላይ ከፍ ያለ ቁጥር ያነባሉ። ጠዋት ነጩ 120፣ ጥቁሩ 780 ነው እንበል። ልጆቹ መካከሉን ወስደው ኮዱ ውስጥ 450 ብለው ይጽፋሉ። ከዚያ በላይ ከሆነ መስመር ነው፣ ከዚያ በታች ከሆነ ነጭ ነው። እስከዚህ ጥሩ። ከሰዓት ፀሐይ ስትገባ የጥቁሩ ንባብ ወደ 400 ይወርዳል። 400 ከ450 በታች ስለሆነ ለሮቦቷ መስመሩ ከምድር ጠፋ ማለት ነው። ልጆቹ ኮዱን ሲበረብሩ ያመሻሉ፤ ኮዱ ግን ምንም አልሆነም።

መፍትሄው 450ን ኮዱ ውስጥ አለመጻፍ ነው። ሮቦቷ ከመነሳቷ በፊት ነጩንም ጥቁሩንም ራሷ ታንብብ፣ መካከሉንም ራሷ ታውጣ። አንድ ቁልፍ ይግጠሙላት፤ ነጩ ላይ አስቀምጦ መጫን፣ ከዚያ ጥቁሩ ላይ አስቀምጦ መጫን። ከሰዓት ነጩ 60፣ ጥቁሩ 400 ቢሆን መካከሉ 230 ይወጣል፤ መስመሩም ይታያል። የእናንተ ሴንሰር በካቻቢቴ የምትዞር ሰማያዊ ማስተካከያ ያለችውና «አዎ» ወይም «አይደለም» ብቻ የሚመልስ ዓይነት ከሆነ፣ የአናሎግ መውጫም እንዳለው እዩ። ብዙዎቹ አላቸው፤ ሰው ሽቦ ሳይቀጥልበት ስለሚተወው ነው።

ከዚያ በጥቁር ካርቶን የሴንሰሮቹን ዙሪያ ይከልሉ። ከምንጣፉም ከጥቂት ሚሊሜትር በላይ አይራቁ። ይህ ብቻውን ግማሹን ጣጣ ያቃልላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ የውድድሩ ቀን ብዙ ቡድን የሚያስደነግጥ ነው። ለዓይን ጥቁር የሆነ ሁሉ ለኢንፍራሬድ ጥቁር አይደለም። ክፍል ውስጥ የምትለማመዱበት መስመር በናስትሮ የተለጠፈ ከሆነና የውድድሩ ምንጣፍ ባነር ላይ የታተመ ከሆነ፣ ሁለቱ ለእኛ አንድ ሆነው ሴንሰሩ ግን የተለያየ ቁጥር ሊያነብባቸው ይችላል። አንዳንድ የማተሚያ ቀለም ጥቁር ሆኖ ኢንፍራሬዱን መልሶ ይረጨዋል። ስለዚህ አዘጋጆቹ የምንጣፉን ፋይል ከሰጡ፣ ባነር የሚያትም ቤት ወስዳችሁ በትክክለኛ መጠኑ አሳትሙት። ከትምህርት ቤቱ ገንዘብ ካገኙ መጀመሪያ እዚህ ላይ ያውሉት። ባነሩን ጠቅልላችሁ አስቀምጡ እንጂ አትጠፉት፤ የእጥፋቱ ጉብታ ለሮቦቷ ኮረብታ ነው።

ባትሪው ጋ ልምጣ። 18650 ከሚባለው ክብ የሊቲየም ባትሪ ሁለት በተከታታይ የተያያዘ ይመስለኛል። ሙሉ ሲሆን 8.4 ቮልት ነው፤ ሲያልቅ ወደ 6 ይወርዳል። መሐል ላይ ለሞተሮቹ ኃይል የምትሰጠው ቀይ ሰሌዳ፣ ኤል 298 የሞተር ሾፌር፣ አለች። እሷ ደግሞ 2 ቮልት ገደማ ለራሷ ሙቀት አድርጋ ትበላለች። ስለዚህ ቢጫዎቹ ሞተሮች ጠዋት 6.4 ቮልት አግኝተው ይሮጣሉ፤ ከሰዓት 4 ቮልት ላይ ይንፏቀቃሉ። ኮዱ «ለአንድ ሰከንድ ተኩል ወደፊት ሂጂ» የሚል ከሆነ፣ ያች አንድ ሰከንድ ተኩል ጠዋትና ከሰዓት አንድ ርቀት አታስኬድም። መታጠፊያውም እንደዚያው፤ ጠዋት 90 ዲግሪ የነበረው ከሰዓት 60 ይሆናል።

እዚህ ላይ የፊዚክስ መምህር መሆንዎ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ቴስተር አምጥተው ልጆቹን ቮልቴጁን ያስለኳቸው፤ ከባትሪው ላይ፣ ከዚያም ሞተሩ እየዞረ ከሞተሩ ጫፍ ላይ። ልዩነቱን ራሳቸው ያዩታል። እኔ ሺህ ጊዜ ከምነግራቸው ይሻላል። ከዚያ አንድ ሕግ ያውጡ፤ ለምሳሌ ከ7.6 ቮልት በታች ልምምድ አይጀመርም። ሁለት ጥንድ ባትሪ ይኑራችሁ፤ አንዱ ሲሰራ አንዱ ይሞላ። መብራት ሲጠፋ ልምምዱ የሚቆመው አንድ ጥንድ ብቻ ያለው ቡድን ነው።

ባትሪ ሲገዙ 9900 ሚሊ አምፒር ሰዓት (የባትሪው የመያዝ አቅም) የሚል 18650 ቢያዩ ይለፉት፤ ጽሑፉ ውሸት ነው። በእውነተኛው 18650 መጠን ውስጥ ያን ያህል አይገባም። አራት ማዕዘኗን የ9 ቮልት ባትሪም ለሞተር አይጠቀሙ፤ ሞተሩ የሚፈልገውን ከረንት መስጠት አትችልም። ደግሞ ሊቲየም ባትሪ ማንም በሌለበት፣ በተቆለፈ ቢሮ ውስጥ ሌሊቱን ቻርጅ ላይ አይደር። ይህ ላይ አልደራደርም።

ባትሪው ቢስተካከልም ጉዞን በሰከንድ መለካት መተው ግን የግድ ነው። ለቢጫዎቹ ሞተሮች ቀዳዳ ቀዳዳ ያላት ክብ ሳህንና ቀዳዳዋን የሚቆጥር ሴንሰር አለ፤ ኢንኮደር ነው የሚባለው። የተለመደችው ሳህን 20 ቀዳዳ አላት። ጎማችሁ ዲያሜትሩ 65 ሚሊሜትር ከሆነ ዙሪያው 204 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ለ20 ሲካፈል አንዷ ቀዳዳ 1 ሴንቲሜትር ያህል ሆነች ማለት ነው። ኮዱ «ለአንድ ሰከንድ ተኩል» ማለቱን ትቶ «40 ቀዳዳ ሂጂ» ይላል። ባትሪው ቢደክምም 40 ቀዳዳ ያው 40 ነው። ትንሽ ቆይታ ትደርሳለች፤ ግን ትደርሳለች።

ጎማው ካልተንሸራተተ ማለቴ ነው። አዳማ ናችሁ፤ ከከተማው ወጣ ብሎ የነፋስ ተርባይኖቹ በከንቱ አልተተከሉም። ያ ነፋስ የሚያመጣው አቧራ ጎማው ላይ ሲለጠፍ ሮቦቷ ቆማ ጎማዋ ይዞራል። ከእያንዳንዱ ዙር በፊት ጎማውን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ የአንድ ልጅ ሥራ ይሁን። የፊት ወይም የኋላ ማዞሪያ ኳሷንም ፈታችሁ እዩ፤ ውስጧ ፀጉርና ክር ይጠመጠማል፣ ከዚያ ሮቦቷ ወደ አንድ ጎን ትጎትታለች።

አነሳሷም እንዲሁ ይታይ። መነሻ ላይ 1 ዲግሪ ጠማማ ሆና ከተቀመጠች፣ 1 ሜትር ስትሄድ ከ17 ሚሊሜትር በላይ ትስታለች፤ 2 ሜትር ላይ 35። በዓይን ግምት 1 ዲግሪ አይታይም። ከኮምፔንሳቶ ቁራጭ ቀጥ ያለ ማዕዘን ሰርታችሁ፣ ሮቦቷን እሱ ላይ አስደግፋችሁ አስነሷት፤ መነሻው ላይ ማስደገፊያ መጠቀም እንደሚፈቀድ ግን ደንቡን እዩ። ሜዳው ግድግዳ ካለውና መንካት ካልተከለከለ፣ መሐል ላይ በጀርባዋ ቀስ ብላ ግድግዳውን ትግፋ፤ እስከዚያ የተጠራቀመው ጠማማነት በአንድ ጊዜ ይቃናል። ዋጋው ዜሮ ብር ነው፤ ከስንት ውድ ሴንሰር በላይ ይሰራል።

ስለ ልምምዱ የማስጠነቅቀው አንድ ነገር አለኝ። ልጆቹ አንዴ ስትሳካ በስልክ ይቀርጹና ቴሌግራም ላይ ይለቁታል። ከዚያ «ይህቺ አልቃለች» ይሉና ወደ አዲስ ነገር ይዞራሉ። ይህ ልማድ መቆም አለበት። ደብተር ያውጡ። አንድ ሥራ «አለቀ» የሚባለው፣ ኮዱ ሳይነካ በተከታታይ 10 ጊዜ ተሞክሮ 9 ጊዜ ሲሳካ ነው። በደብተሩ ላይ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የባትሪው ቮልት፣ የነጩና የጥቁሩ ንባብ፣ ተሳካ ወይም አልተሳካ፤ ካልተሳካ የት ላይ። ሁለት ሳምንት ከተጻፈ በኋላ ደብተሩ ራሱ ይናገራል። «ሁልጊዜ የምትስተው ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ነው፣ ያውም ከ7.5 ቮልት በታች ስትሆን» የሚል ልጅ ታገኛላችሁ። ያኔ ግምት ይቀራል።

ለምን 9 ሆነ፣ 8 አይበቃም? ሂሳቡን ልጆቹን ያሰሯቸው። እያንዳንዱ ሥራ 80 በመቶ የሚሳካ ከሆነ፣ ሦስቱን በተከታታይ የመጨረስ ዕድላቸው 51 በመቶ ነው። ሳንቲም እንደ መወርወር ነው። እያንዳንዱን 90 ላይ ካደረሱት ሦስቱም የመሳካት ዕድላቸው 73 በመቶ ይሆናል። አራተኛ ሥራ ከመጨመር ሦስቱን ማጥበቅ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው። ሳጥን መግፋትና ማንሳት እኩል ነጥብ ካላቸው ማንሳት ለምን አስፈለገ? ከፊቷ ሁለት ክንፍ ያላት የካርቶን መግፊያ ትብቃት። ክንድ ቢገጠምም ክንዱን የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር፣ ሰርቮው፣ ከዚያው ከደከመው ባትሪ ነው የሚበላው፤ በመነሻ ላይ የሮቦት መጠን ገደብ ካለም ክንዱ ከገደቡ ሊያስወጣት ይችላል። ዓለም ሮቦት ኦሊምፒያድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የወጣቶች ውድድር የተልዕኮ ክፍል ለምሳሌ ከመነሳቷ በፊት በየአቅጣጫው ከ250 ሚሊሜትር መብለጥ የለባትም።

ደንቡን አነሳሁ፤ አንብባችሁታል? ሁሉም ልጅ ማለቴ ነው። ብዙ ቡድን የሚያውቀው አሰልጣኙ የነገረውን ብቻ ነው። ውድድር ከውድድር ይለያያል። ፈርስት ሌጎ ሊግ በሚባለው ሌላ ዓለም አቀፍ ውድድር ላይ አንድ ጨዋታ 2 ደቂቃ ተኩል ነው፤ ከሦስቱ ዙር የሚያዘው ከፍተኛው ነጥብ ብቻ ነው። እዚያ ሁለተኛው ዙር በደንብ ከተሳካ በሦስተኛው መድፈር ይቻላል። የሁሉም ዙር ነጥብ የሚደመርበት ውድድር ላይ ግን ያው ድፍረት ዋጋ ያስከፍላል። ደግሞ እዚያው ፈርስት ሌጎ ሊግ ላይ የሮቦቱ ጨዋታ ከሚዳኙት አራት ነገሮች አንዱ ብቻ ነው፤ ንድፉ፣ የፈጠራ ፕሮጀክቱና የቡድኑ አብሮ የመስራት መንፈስም ይዳኛሉ። ዓለም ሮቦት ኦሊምፒያድ ላይ በዕለቱ ድንገተኛ ደንብ ይጨመራል፤ ኮዱን በቃሉ ብቻ የሸመደደ ቡድን እዚያ ላይ ይጋለጣል።

የቡድን ብዛትም አለ። ኦሊምፒያዱ ላይ አንድ ቡድን 2 ወይም 3 ልጅ ነው። ፈርስት ሌጎ ሊግ ላይ እስከ 10። የእርስዎ ልጆች አስራ አንድ ናቸው። የእናንተ ውድድር ስንት እንደሚፈቅድ ዛሬውኑ ያጣሩ። ከገደቡ በላይ ከሆናችሁ አሁን ይነገራቸው። በመጨረሻው ሳምንት «አንተ አትሄድም» የተባለ ልጅ ዳግመኛ ክበቡን አይረግጥም።

ስለ ሁለቱ የላፕቶፕ ባለቤቶች። መጥፎ ልጆች አይደሉም፤ ጎበዞች ስለሆኑ ነው። ግን ዳኛ ሲመጣ የሚጠይቀው እነሱን አይደለም። እኔ ራሴ ጥግ የቆመውን ዝምተኛ ልጅ ነው የምጠራው። «ይህ ቁጥር ለምን 230 ሆነ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ልጁ ወደ ጓደኛው ዞሮ ካየ ነገሩ ገባኝ ማለት ነው። ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ፤ ሁለቱ ከእንግዲህ ኪቦርድ አይነኩም፣ አጠገብ ተቀምጠው በአፋቸው ብቻ ያስረዳሉ። የሚጽፈው ሌላ ነው። መጀመሪያ ያኮርፋሉ፤ ከሳምንት በኋላ ማስተማር ይጥማቸዋል። አንድ ላፕቶፕ ካነሰ አንድሮይድ ስልክም በኦቲጂ ኬብል (ስልክን ከሌላ ዕቃ ጋር የሚያገናኝ ገመድ) እና በአፕ አርዱዊኖ ላይ ኮድ መጫን ይችላል፤ ለመጠባበቂያም ይሆናል። የሰራውን ኮድ በየቀኑ ቀን ጽፋችሁበት ፍላሽ ላይ አስቀምጡ። «ትናንት የሰራችው የቱ ነበር?» የሚል ጥያቄ ስንቱን ቡድን አስለቅሷል።

ሴቶቹ ልጆችም የት እንዳሉ ይመልከቱ። ደብተር መያዝና ፖስተር ማስዋብ በልማድ ለእነሱ ይሰጣል፤ ካቻቢቴና ኮድ ለወንዶቹ። ማንም አስቦበት አይደለም። ሥራውን በየሁለት ሳምንቱ ካዟዟሩት በራሱ ይፈታል።

ለሁለት ወር ተኩሉ ያለኝ ሐሳብ ይህ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሴንሰር፣ ባትሪና ኢንኮደር ብቻ፤ ሳጥን አይነካ። ከዚያ አንድ ወር ሦስት ሥራ መርጣችሁ ወደ 9 ከ10 ማድረስ። ከዚያ የቀረው ልምምድ ነው፤ 2 ደቂቃ በሰዓት ተይዞ፣ ሰው እያየ፣ እየተጮኸ። አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ከተማችሁ ነው። ሁለት ሦስት የምህንድስና ተማሪዎችን ጋብዛችሁ ዳኛ ሁኑልን በሏቸው፤ ልጆቹ በማያውቁት ሰው ፊት መናገር ይልመዱ። በመጨረሻው ሳምንት ኮዱ ላይ አዲስ ነገር አይጻፍም። ብሎን ማጥበቅና ጎማ መጥረግ ብቻ።

በፈጣን መንገዱ አዲስ አበባ ሩቅ አይደለም፤ የሚያስቸግረው መንቀጥቀጡ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በጥድፊያ የተሰኩ ጃምፐር ሽቦዎች መኪና ላይ አንድ በአንድ ይወልቃሉ። የሚበየደውን በይዱ፣ ቀሪውን በሙጫ ያዙት። እያንዳንዱ ሽቦ የት እንደሚሰካ ፎቶ ይኑራችሁ። ሮቦቷ ባትሪዋ ወጥቶ በሰው ጭን ላይ ትሂድ እንጂ የመኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ አትግባ። ትርፍ ሞተር፣ ትርፍ ሴንሰር፣ ናስትሮ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የመብራት ማራዘሚያ ያዙ። ልጆቹ ሹራብ ይያዙ፤ የአዳማ ልጅ አዲስ አበባ ጠዋት ላይ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ፣ በዚያ እጅ ሽቦ አይሰካም።

እንደደረሳችሁ መጀመሪያ የመለማመጃው ጠረጴዛ ሰልፍ ያዙና ነጩንና ጥቁሩን ለኩ። አዳራሹ ውስጥ አምፖል ይኖራል፣ መስኮት ይኖራል፣ የካሜራ መብራት ይኖራል። ሦስቱም ቁጥሩን ይቀይሩታል። ተራችሁ ሲደርስ እውነተኛው ጠረጴዛ ላይ ደግማችሁ ለኩ። እርስዎ ግን ያኔ ከአጥሩ ውጭ ነዎት፤ ብዙ ውድድር ላይ አሰልጣኝ መግባትም መንካትም አይፈቀድለትም። ስለዚህ ልጆቹ ያለ እርስዎ መስራትን ከአሁኑ ይልመዱ። አንዳንድ ቀን ልምምዱን ትተው ሻይ ይጠጡ።

ወላጆቹን አንድ ቀን ከሰዓት ጠርተው ልምምዱን ያሳዩዋቸው። ስትሳካም ስትስትም ይዩ፤ ደብተሩን ልጆቹ ራሳቸው ያንብቡላቸው። የመጀመሪያ ዓመት ቡድን ዋንጫ ይዞ መመለሱ ብርቅ መሆኑን በግልጽ ይንገሯቸው። ዓላማችሁ በየዙሩ ተመሳሳይ ነጥብ ማምጣት እንደሆነ ንገሯቸው፤ ይህን ወላጅም ቆጥሮ ሊያየው ይችላል።

ነገ ክፍል ሲገቡ ኮዱን ሳይነኩ የነጩንና የጥቁሩን ንባብ ጠዋት 2 ሰዓትና ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ያስለኩ፤ ባትሪውንም አብረው። አራቱን የሴንሰር ንባቦችና ሁለቱን ቮልቶች ጻፉልኝ። የትኛው ተጠርጣሪ እንደሆነ ከዚያ እንነጋገራለን።